የሠርጉ ዲስክ፦ የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ ዴኩ ላይ ለምን አይነበብም?

መነሻ ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድሜ ባለፈው ዓመት በሲያትል ከተማ ሠርጉን ደገሰ። እናታችን የምትኖረው ደሴ ነው፤ ጉልበቷ ረጅም መንገድ ስለማይችል መምጣት አልሆነላትም። ሙሽራዋ እዚያው ተወልዳ ያደገች በመሆኗ ንግግሩም ምርቃቱም በእንግሊዝኛ ነበር። የሙሽራዋ አባት ተነሥተው ስለ ወንድሜ የተናገሩትን እናቴ አንድም ሳይቀር እንድታውቀው ፈለግሁ። ጆሮዋ ስለደከመ ድምፄን በላዩ ብቀዳበት አትሰማውም። ዓይኗ ግን ደህና ነው። ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዛሬም ዳዊቷን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።

ስለዚህ የአርባ ደቂቃውን ንግግር ወደ አማርኛ መልሼ 412 መስመር የግርጌ ጽሑፍ፣ ብዙዎቻችን ሰብታይትል የምንለውን፣ አዘጋጀሁ። ከሥራ መልስ በማታ በማታ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የቪዲዮውን ፋይልና የኤስ አር ቲውን ፋይል፣ ማለት ጽሑፉንና የሚታይበትን ሰዓት የያዘውን፣ በአንድ ስም ሰይሜ ዲቪዲ ላይ ቀዳሁና አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር። ደሴ ሲደርስ የጎረቤት ልጅ ዴኩ (የዲቪዲ ማጫወቻው) ውስጥ ከተተው፤ ምስሉ መጣ፣ ድምፁ መጣ፣ ፊደል ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ግን ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። ፋይሉን እንደገና አስተካክዬ ሁለተኛ ዲስክ ላክሁ፤ እዚህኛው ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። ዴኩ አማርኛ እንዲያነብ ምን ላድርግ?

መልሶቹ ብዙ ሆነው ስለተበታተኑ፣ ከእኔ በኋላ በዚሁ ችግር ለሚመጡ እንዲጠቅሙ በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛ መልስ። ከአትላንታ የጻፈች እህት ነበረች። እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ጀመረችና ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ የዴኩን ዓይነት፣ እንዲሁም ዲስኩ ፋይል የተቀመጠበት ብቻ ነው ወይስ እንደ ሱቅ ዲቪዲ ሆኖ የተሠራ። ልዩነት እንዳለው እንኳን አላውቅም ነበር። የኔው ፋይል የተቀመጠበት መሆኑን ነገርኋት።

2ኛ መልስ። አንድ ወጣት የዴኩን የቋንቋ ምርጫ ከፍቼ ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በአንድነት የያዘው የፊደል ኮድ) የሚለውን እንድመርጥ መከረኝ። በቅንነት ነው የመከረው። ለጎረቤት ልጅ ደውዬ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ እየተመራራን ፈለግን። የምዕራብ አውሮፓ አለ፣ የመካከለኛው አውሮፓ አለ፣ ሲሪሊክ አለ፣ ግሪክ አለ። የእኛ የለም።

3ኛ መልስ። ነገሩን የገለጠልኝ ይህ ነው። የጻፈው አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸና እያቀናበረ የሚተዳደር ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄዬ ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን አስረዳኝ። ዴክ ፊደል የሚያውቀው ፋብሪካ ውስጥ በተቀመጠለት መጠን ብቻ ነው፤ እንደ ኮምፒውተር ፎንት አይጫንለትም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ዴኩ ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ ከሌለ የሚያሳየው ያንኑ ባዶ ሳጥን ነው።

ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በእውነተኛው ዲቪዲ ላይ የግርጌ ጽሑፍ የሚቀመጠው በጽሑፍነቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ መስመር ትንሽ ሥዕል ነው። ዴኩ ሥዕሉን በሰዓቱ አምጥቶ በቪዲዮው ላይ ይደርበዋል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ያነሣዋል። ሥዕሉ ላይ ያለው አማርኛ ይሁን ቻይንኛ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። አንድ ዲስክ እስከ 32 የሚደርስ እንዲህ ያለ የግርጌ ጽሑፍ ይይዛል። አንዱ ሥዕል ግን ከአራት ቀለም በላይ አይፈቀድለትም፤ ከአራቱም አንዱ ከኋላው ያለውን ምስል የሚያሳየው፣ ቀለም አልባው ነው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው፤ ፊደሉን እኛው ኮምፒውተር ላይ ሥለን ለዴኩ ሥዕሉን መስጠት። ሰውየው ይህን ለማስረዳት የገበያ ቀኑን አቋርጦ መጻፉን ሳነብ ልቤ ተነካ።

4ኛ መልስ። ከእስራኤል፣ ከነታንያ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ወንድም የ3ኛውን መልስ ሙሉ በሙሉ ደግፎ፣ ሳጥኑና የጥያቄ ምልክቱ አንድ በሽታ አለመሆናቸውን ለየልኝ። ሳጥን ሲታይ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው የፊደሉ ቅርጽ ነው። ምልክት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ሲግተለተሉ ደግሞ ጽሑፉ አሁንም ደህና ነው፣ ነገር ግን በሌላ የፊደል ኮድ እየተነበበ ነው። ይህንኛውን የምናውቅበትን ምልክት ጭምር ሰጠን፤ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በዩ ቲ ኤፍ 8፣ ማለት ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት አጻጻፍ፣ ሲቀመጥ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይትም ከሀ እስከ ፐ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ አንዱ ፊደላችን ሦስት የላቲን ምልክት ይሆናል፤ በየሦስቱ መጀመሪያም ጭረት የተቀመጠበት ትንሹ የላቲን ኤ ተደጋግሞ ይታያል። ያን ያየ ሰው አይደንግጥ፤ ኮዱን ቢያስተካክል ጽሑፉ ይመለሳል።

የጥያቄ ምልክት ግን ሞት ነው። ፋይሉ የላቲን ፊደል ብቻ በሚችል አሮጌ ኮድ ሲቀመጥ፣ ኮዱ የማያውቀው ፊደል ሁሉ በእውነተኛ የጥያቄ ምልክት ይተካል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም። ይህን ካነበብሁ በኋላ ፋይሌን ከፈትሁ። ከ1 እስከ 412 ቁጥሩ አለ፣ ሰዓቱ አለ፤ ከሥሩ የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ቦታ፣ የጥያቄ ምልክት። የቃላቱ ርዝመት እንኳን እንዳለ ነበር፤ ባለ አራት ፊደሉ ቃል አራት ምልክት፣ ባለ ሁለቱ ሁለት። በዋናው ፋይል ላይ ደርቤ ነበር ያስቀመጥሁት። ሦስት ሳምንቴ እንደሄደ ተረዳሁ። ያዳነኝ፣ ወንድሜ እርማት እንዲያይልኝ ቀደም ብዬ በኢሜይል የላክሁለት ቅጂ ነው።

5ኛ መልስ። አጭር ነው። ጽሑፉን ቪዲዮው ላይ አትሜ እንድገላገል የሚል። ምስሉ ውስጥ የገባ ጽሑፍ በማንኛውም ዴክ ላይ ይታያልና ሌላው ሁሉ ድካም ነው ብሎ ያምናል።

6ኛ መልስ። በዚህ የተቆጣ ሰው ጻፈ። ቁጣው ለቪዲዮው ነበር። አንድ ጊዜ ምስሉ ላይ የታተመ ጽሑፍ አይነሣም፤ ስሕተት ቢገኝ አይታረምም፤ ነገ የወንድሜ ልጆች የአያታቸውን ንግግር ማየት ቢፈልጉ ፊታቸው ሥር ጽሑፍ ተለጥፎ ያገኙታል። የቤተሰብ ቪዲዮ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እንደ ፊልም ሌላ ቅጂ ከሱቅ እንደማይገዛ ጠንከር ባለ ቃል አሳሰበ። 5ኛውን ሰው ሰነፍ እስከማለት መድረሱ አላስደሰተኝም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ኋላ በራሴ ላይ አየሁት።

7ኛ መልስ። ሸምጋይ መጣ። በቪሲዲ (ከዲቪዲ በፊት በነበረው የቪዲዮ ዲስክ) ላይ ተመራጭ የግርጌ ጽሑፍ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ምስሉ ላይ ማተም ለዚያ ዓይነት ዲስክ ብቸኛው መንገድ መሆኑን አስታውሶ ሁለቱንም አስታረቀ። ከዚያ ወደ ልጅነቱ ወሰደን። በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሕንድ ፊልም ሲታይ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እያነበበ ጮክ ብሎ ይተረጉማል፤ እርሱ ያልመጣ ቀን ሰው ፊልሙን እያየ ይጨቃጨቃል። ከርዕሱ ወጣ ቢልም በደስታ አነበብሁት።

8ኛና 9ኛ መልስ። ከዱባይ አንዲት ልጅ፣ ዛሬ ዲስክ ማን ይጠቀማል፣ ዴኩ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው በስልክ በሚታየው ዓይነት ፋይል ፍላሽ ላይ ጭኜ እንድልክ ጻፈች። ቀዳዳው አለው። የአዳማው ባለሙያ ተመልሶ በትሕትና አረማት፤ የቆዩ ዴኮች ቀዳዳ ቢኖራቸውም በአብዛኛው የሚያጫውቱት ኤምፔግ 2 የተባለውን የዲቪዲ ቪዲዮ ዓይነትና የዲቪኤክስ ዓይነቱን አቪ ፋይል ነው። ስልክ የሚቀርጸውን ኤች 264 የተባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ይዞ የሚመጣ ኤምፒ4 አያውቁትም። ልጅቱም ሳትከራከር ተቀበለች፤ እናቷ ቤት ያለው ዴክ ለምን እንደማያነብላት አሁን ገና እንደገባት ነገረችን።

ከ10ኛ እስከ 12ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነገሩ ከረር አለ። 10ኛው ሰው ከአሜሪካ የመጣ ቪዲዮ በኢትዮጵያ እንዲታይ የግድ ወደ ፓል፣ ማለት ኢትዮጵያ ወደምትጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ መለወጥ አለበት፣ ካልተለወጠ ጽሑፉ ከንግግሩ ይዛነፋል የሚል አቋም ያዘ። 11ኛው የመጀመሪያውን ግማሽ አፈረሰበት፤ አብዛኞቹ የዲቪዲ ዴኮች ፓልንም የአሜሪካውን ኤን ቲ ኤስ ሲንም ስለሚያጫውቱ፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸውን በ720 በ480 ፒክሰል እንዳለ መተው ይሻላል፤ ያለ ምክንያት መለወጥ እንቅስቃሴውን ያንቀጠቅጠዋል። 12ኛዋ ሁለተኛውን ግማሽ ወሰደች። የኤስ አር ቲ ፋይል የሚቆጥረው ሰዓትን እንጂ ፍሬምን አይደለምና፣ የቪዲዮው ርዝመት እስካልተቀየረ ድረስ ጽሑፉ አይዛነፍም። የሚዛነፈው በ23.976 ፍሬም የተሠራ ፊልም በ25 ፍሬም እንዲሮጥ ሲደረግ ነው። ያኔ ፊልሙ በአራት በመቶ ይፈጥናል፤ የአርባ ደቂቃ ሥራ ቢሆን መጨረሻው ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ አንድ ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። 10ኛው ሰው በስድብ መለሰ፤ አስተዳዳሪው አነሣበት። የእርሷን ስሌት ግን በወረቀት ሠርቼ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው።

ከ13ኛ እስከ 19ኛ መልስ። ሁሉም ስለ ፊደል ነው። የለጠፍሁትን የናሙና መስመር አይቶ አንዱ፣ ሠርግ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ እንጂ በእሳቱ ሰ አይደለም ብሎ ተነሣ። ሌላው ድምፁ አንድ ከሆነ ሁለቱም ያው ነው አለ። ከዚያ ጸሎትና ፀሐይ መጡ፣ ዓመትና ዓይን መጡ፤ የግዕዝ ተማሪው በአንድ ወገን፣ የጽሕፈት መሣሪያ ዘመን ሰው በሌላ ወገን ተሰለፉ። አንዱ ሌላውን ሀገሩን እንደረሳ አድርጎ እስከመጻፍ ደረሰ። እኔ ከግዕዙ ወገን ነኝ፤ እናቴ ዳዊቱን የምታነበው በትክክለኛው ሆሄ ስለሆነ፣ ዓይኗ የለመደውን ቅርጽ ሳትፈልግ ታገኘዋለች። ሁሉንም መስመር እንደገና አርሜአለሁ። በመካከሉ አንድ ሰው በቃላት መካከል ከባዶ ቦታ ይልቅ ሁለት ነጥብ እንዳደርግ ሐሳብ አቀረበ። ሞከርሁት፤ በቴሌቪዥን ላይ ነጥቦቹ ከፊደሉ ጋር እየተደባለቁ አስቸገሩ፣ ተውሁት።

20ኛ መልስ። ክርክሩን ዝም ያሰኙት እርሳቸው ናቸው። በዘመቻው ወቅት ተማሪ ሳሉ ወሎ ገጠር ውስጥ ሲያስተምሩ የቆዩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ዴክም ስለ ኮድም አንድ ቃል አልጻፉም። የጻፉት በጎልማሳነቱ ፊደል የቆጠረ ሰው እንዴት እንደሚያነብ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ ቃሉን በአንድ ዓይን አይወስድም፤ ፊደል በፊደል ሰብስቦ፣ በከንፈሩ ብሎ፣ ከዚያ ይረዳዋል። ከመስመሩ መጨረሻ ወደ ሁለተኛው መስመር መጀመሪያ መመለስ ለእርሱ ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ሁሉ ለማስገባት ከምጣደፍ፣ ፍሬ ነገሩን በአጭሩ አስቀምጬ ረዘም ላለ ጊዜ እንዳቆየው መከሩኝ። ጽሑፉን ራሴ በጣቴ እየተከተልሁ ጮክ ብዬ እንዳነበውና፣ የወሰደብኝን ጊዜ በእጥፍ እንዳደርገው ነገሩኝ።

ይህን ሳደርግ 412ቱ መስመር 260 ሆነ። በትልቅ ፊደል በአንድ መስመር ከ22 እስከ 24 ፊደል፣ ከሁለት መስመር ሳያልፍ። እስከዚያ ድረስ ያሰብሁት ስለ ማሽኑ ብቻ ነበር። እኚህን አባት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

21ኛ መልስ። በኅትመት ቤት የምትሠራ እህት ስለ ፎንት ጻፈች። ከቀደሙት ዊንዶውሶች ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ ለወረቀት መልካም ቢሆንም፣ ቀጫጭን መስመሮቹ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ይርገበገባሉ። ምክንያቱንም አስረዳች፤ ምስሉ የሚመጣው አንድ ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው እየተፈራረቁ ስለሆነ፣ አንድ ፒክሰል ብቻ የሚወፍር አግድም ጭረት በአንዱ ዙር ይታያል፣ በሌላው ይጠፋል። በእኛ ፊደል ደግሞ አናባቢውን የሚለየው ያች ትንሽ ጭረት ናት፤ የካዕቡ ቅጥያ፣ የሣልሱ እግር፣ የኃምሱ ቀለበት። እርሷ ከጠፋች ቡ እና ቢ ለደካማ ዓይን አንድ ናቸው። ወፍራሙን ቅርጽ እንድመርጥ፣ ነጩን ፊደል በጥቁር ጠርዝ እንድከብበው፣ ከታችም 48 ፒክሰል ያህል እንድተው አዘዘች፤ ብዙ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ስለሚቆርጠው።

22ኛ መልስ። የአዳማው ባለሙያ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ አሠራሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፈልኝ። ቪዲዮውን ወደ ኤምፔግ 2 መለወጥ፤ ጽሑፉን በዩ ቲ ኤፍ 8 ማስቀመጥ፤ ዲቪዲ ስታይለር በተባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱን አስገብቶ የፊደል ኮዱንና የአማርኛውን ፎንት መምረጥ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሥዕሉን ይሥላል። የሥዕሉን መልክ በዝርዝር መቆጣጠር የሚፈልግ ደግሞ በሰብታይትል ኤዲት ፕሮግራም ሥዕሎቹን ለብቻ ማውጣት ይችላል። ዲስክ ላይ ከመቅዳት በፊት የተዘጋጀውን ማኅደር በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ከፍቶ ማየት፤ የመጀመሪያውን ሙከራም በሚጠፋና እንደገና በሚጻፍ ዲስክ ላይ ማድረግ።

አንዲት ነገር ጨመረ፣ እርሷን እስካሁን አመሰግነዋለሁ። እናቴ ሪሞት ላይ የሰብታይትል ቁልፍ ፈልጋ እንደማትጫን ገምቶ፣ ጽሑፉ በራሱ እንዲበራ ከፊልሙ በፊት በሚፈጸመው ትእዛዝ ቦታ ላይ የሰብታይትሉን ቁጥር 64 ብዬ እንድጽፍ ነገረኝ። ዜሮ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ 64 ሲደመርበት አብራው ማለት ነው። ዲስኩ እንደገባ አማርኛው ይመጣል፣ የማይፈልግ ያጠፋዋል።

23ኛና 24ኛ መልስ። በዝግታ እንድቀዳ፣ ሲያልቅ የዲስኩን ቀረጻ መዝጋት (ፋይናላይዝ ማድረግ) እንዳልረሳ፣ ወረቀትም እንዳልለጥፍበት መከሩኝ። 24ኛው ሰው አባቱ የተናገሩበትን ብቸኛ ዲስክ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ፀሐይ እንዳበላሸችበት ጻፈ። ከአንድ ቅጂ በላይ አኑሩ ብሎ ከመጨረስ ሌላ አልጨመረም፤ ብዙ ሰው አጽናናው።

25ኛ መልስ። ይኸው መንገድ ለትግርኛ ይሠራ እንደሆነ ተጠየቀ። ይሠራል። ፎንቱ ቐ እና ኸ ካሉት ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

26ኛ መልስ፣ የኔ። ሦስተኛው ዲስክ ደሴ ደረሰ። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠልኝ። መጀመሪያ የሙዚቃው ድምፅ መጣ፤ ከዚያ እናቴ ፊደል እየሰበሰበች ስታነብ ሰማሁ። የሙሽራዋ አባት፣ ወንድሜ ቤታቸው የመጣ የመጀመሪያ ቀን የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧ አይቶ ሳይጠየቅ እንደጠገነላቸው የተናገሩበት ቦታ ላይ ስትደርስ አቁሙልኝ አለች። ልጁ አቆመላት። መስመሩን ደግማ አነበበችው፤ የኔ ልጅ ነው እንዲህ የሚያደርገው አለችና ቀጥል አለችው።

መጨረሻ ላይ አንድ ቅሬታ ነበራት። የምርቃቱን መስመር ብዙ ልጆች ይኑራችሁ ብዬ ነበር የተረጎምሁት። ሰውየው ምርቃት አያውቁም እንዴ፣ ውለዱ ክበዱ አይሉም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የእርሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ፣ የኔ ትርጉም እንደሆነ ነገርኋት። በዚያው ማታ ፋይሉን ከፍቼ 238ኛውን መስመር ቀየርሁት። ጽሑፉ ከምስሉ የተለየ ስለሆነ ቪዲዮውን መንካት አላስፈለገኝም፤ እስከ እኩለ ሌሊት አዲሱ ዲስክ ተቀድቶ አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ።